ከበሮው የሚዘገይበት ቦታ

ኬዲቦኜ ሁልጊዜ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ሁለት ስልክ ትይዛለች። የአንዱን ማዳመጫ በግራ ጆሮዋ፣ የሌላውን በቀኝ ጆሮዋ ትሰካለች። በግራው ራፕ፣ በቀኙ ሮክ ትከፍትና ሐዲዱን ተከትላ ወደ ማሃላፒዬ አውቶቡስ ማቆሚያ በእግሯ ትሄዳለች። ሁለቱ ዘፈኖች የማይስማሙ ከሆነ እግሯ ቀድሞ ያውቀዋል፤ አረማመዷ ይዛባል፣ ጠጠር ያደናቅፋታል፣ ቆም ብላ አንዱን ትቀይራለች። የሚስማሙ ከሆነ ግን መድረሷንም ሳታውቅ ማቆሚያው ጋ ትደርሳለች። የዕለቱ ሥራ ተገኘ ማለት ነው።

በመግቢያው ላይ ማግዊኛ የሚባለውን ሊጥ በዘይት እየጠበሱ ለመንገደኛ የሚሸጡት ሴቶች ልማዷን ስለሚያውቁ በነፃ አያሳልፏትም።

«ኬዲ፣ ዛሬም በሁለት ጆሮሽ ሁለት ባል ይዘሽ መጣሽ?»

«አንዱ ይጮኻል፣ አንዱ ይለፈልፋል። እኔ መሀል ገብቼ አስታርቃለሁ።»

«እኛ አንዱንም ዝም ማሰኘት አቅቶን!»

ሱቋ ከብረት የተሠራች ጠባብ ክፍል ናት። የስልክ ካርድ ትሸጣለች፣ ባትሪ ትሞላለች፣ ለሚኒባስ ሾፌሮች ዘፈን በፍላሽ ትጭናለች። ስሟ የታወቀው ግን በቅይጦቿ ነው። ወጣቶቹ ማሽ-አፕ ይሉታል፤ እሷ ቅይጥ ማለቱን ትመርጣለች። የአንድን ራፐር ድምፅ ከራሱ ሙዚቃ ትነጥልና ከሮክ ጊታር ጋር ታገናኘዋለች። ሾፌሮቹ የሚወዱት ለኪነት ብለው አይደለም። በዚህ አገር ሾፌሩ ሮክ ይወዳል፣ ተማሪው ሞትስዋኮ የሚባለውን የሴትስዋና ራፕ ይፈልጋል፣ ከማሃላፒዬ እስከ ፓላፕዬ ያለው መንገድ ደግሞ ለጭቅጭቅ ይበቃል። የኬዲቦኜ ፍላሽ ሲሰካ ሁለቱም ወገን የራሱን ይሰማል፤ የሌላውንም መስማቱን ብዙ ጊዜ ልብ አይልም።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሁለት ዘፈን በአንድ ጊዜ ማጫወት ማንም ይችላል። ችግሩ እያንዳንዱ ዘፈን የራሱ ፍጥነትና የራሱ ቅኝት ያለው መሆኑ ላይ ነው። ፍጥነቱ ካልገጠመ ሁለቱ በር ላይ እንደተጋጩ ሰዎች ይሆናሉ። ቅኝቱ ካልገጠመ ፍጥነቱ ቢስማማ እንኳ ጆሮ ይጎረብጠዋል። ሁለቱ ከተስማሙ በኋላም ሌላ ነገር ይቀራል፤ ጊታሩ መቼ ዝም ብሎ ለቃሉ ቦታ እንደሚለቅ ማወቅ። ኬዲቦኜ ይህን ከማንም አልተማረችም። እናቷ ከሞተች በኋላ እሷና ታናሽ እህቷ ቴባትሶ ያደጉት በእናታቸው ወንድም ቤት ነው። የሚተኙበት ክፍል በአንዱ ግድግዳ ከአጎታቸው ካሴቶች ጋር ይዋሰናል። በሌላው ግድግዳ በኩል መኪና የሚያጥቡ ጎረምሶች ቀኑን ሙሉ ራፕ ይከፍቱ ነበር። ኬዲቦኜ ሁለቱን ለይታ የሰማችበት ጊዜ የለም።

አጎቷ ሞአጊ ይባላል፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን ዝገት በሚለው ስሙ ነው። የባቡር ጥገና ክፍል በያጅ ነበር፤ አሁን ጡረታ ወጥቷል። የአካባቢው ሮከሮች አንጋፋ ነው። በዚህ አገር ሙቀቱ በሚበረታበት በታኅሣሥ፣ ፍየል ጥላ ፍለጋ በምትንከራተትበት ሰዓት እሱ ጥቁር ቆዳ ጃኬት፣ ሰፊ ባርኔጣና ከወገቡ እስከ ጉልበቱ የሚወርድ ሰንሰለት አድርጎ በመንገዱ መሀል ይራመዳል። ሰላም ሲል እጅ ጨብጦ እንደ ውሃ ፓምፕ ይንጣል፣ በቡት ጫማው መሬቱን ይመታል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ያያል። በወጣትነቱ ሦስት ጓደኞች ይዞ ባንድ አቋቁሞ ነበር። አንድ ዘፈን ቀድተዋል። ከበሮ መቺው ፑሶ በዋናው መንገድ ላይ ከላም ጋር ተጋጭቶ ሲሞት ባንዱ ተበተነ፤ ካሴቱ ዝገት ዘንድ ቀረ።

የእህቱን ልጅ ቅይጦች አይወድም። «ይቺ ልጅ ዘፈን እንደ ሥጋ ትበልታለች» ይላል፤ በፊቷም ይለዋል።

ነገሩ የተነሳው ቴባትሶ ልታገባ ስትል ነው። እጮኛዋ ጎሲያሜ የሞሌፖሎሌ ልጅ ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው እንደ ወጉ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «የውሃ ቅል ልንለምን ነው የመጣነው» ብለዋል። ቅሉ ልጅቷ ናት። ከብቶቹም መጥተዋል። ሰርጉ መጀመሪያ በሙሽሪት፣ በሳምንቱ ደግሞ በሙሽራው ግቢ ነው፤ የቀረው የመጀመሪያው ቀን አሰላለፍ ብቻ ነበር። በዚያ ቀን የሙሽራው ወጣቶች በሰልፍ እየጨፈሩ እስከ ግቢው በር ይመጣሉ፤ የሙሽሪት ወገን ከውስጥ በሰልፍ ይወጣል። ሙሽሪትን በእጇ ይዞ የሚያወጣት የእናቷ ወንድም፣ ማሎሜዋ ነው። እሱ ካላወጣት ልጅቷ አልተሰጠችም፤ ከብት ቢቆጠርም፣ ቄስ ቢፈርምም አልተሰጠችም።

የሙሽራው አጎት ራ ሞሴኪ («ራ» እንደ «አቶ» ነው) ስለ ሙዚቃው ሲያነሱ ዝገት አቋረጣቸው።

«እኔ የምወጣው በእኛ ዘፈን ነው። ሱሪያቸው ከወገባቸው በሚወርድ ልጆች ልፍለፋ የእህቴን ልጅ አላወጣም።»

«ራ ሞአጊ፣ ልጆቹ እኮ ቀበቶ ገዝተዋል» አሉ ራ ሞሴኪ።

«ቀበቶውማ ለጌጥ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ነገሩ ግን በሳቅ አላለፈም። የሙሽራው ታናሽ ወንድም ሌሩሞ ለወንድሙ ብሎ ራፕ ገጥሞ ቀድቷል፤ ሰልፈኞቹም በዚያው ላይ ለብዙ ሳምንት ተለማምደዋል። ይህን ሰርዙ ማለት ሰልፉን ሰርዙ ማለት ነው። በአንድ ግቢ ሁለት ሙዚቃ መክፈት ደግሞ ሁለት ሰርግ ነው። ራ ሞሴኪ ዘወር ብለው በሩ ላይ የቆመችውን ኬዲቦኜን አዩ።

«ሚኒባስ ውስጥ የሚሰማው ያንቺ ሥራ ነው አሉኝ። ይሄንንስ አትችይም?»

ዝገት አልተቃወመም። «ዘፈናችን ካልተበላሸ» ብቻ አለ።

ካሴቱን ወደ ኮምፒዩተር ስትገለብጥ መጀመሪያ ያስተዋለችው ነገር ባንዱ አንድ ፍጥነት አለመጠበቁ ነው። የሌሩሞ ራፕ በማሽን የተሠራ በመሆኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፍጥነቱ አንድ ነው። የእነ ዝገት ዘፈን ሰው የመታው ነው፤ ሲሞቃቸው ይፈጥናል፣ ሲደክማቸው ይጎተታል። ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ደግሞ ከበሮው ጨርሶ የሚዘገይበት ቦታ አለ፤ ሊቆም ነው ሲሉት መልሶ ይነሳል። እንዲህ ያለ ሲያጋጥም ሙያው የሚያዘው ግልጽ ነው፤ የሚወላገደው ቀጥ ካለው ጋር ይስተካከላል። ኬዲቦኜም ሁልጊዜ የምታደርገውን አደረገች። እያንዳንዱን የከበሮ ምት እየያዘች፣ የዘገየውን እየጨመቀች፣ የፈጠነውን እየጎተተች ከሌሩሞ ፍጥነት ጋር አስተካከለችው። ራፑ ላዩ ላይ እንደ ክዳን ገጠመ። በሕይወቷ ከሠራቻቸው ቅይጦች ሁሉ ንጹሑ እንደሆነ አሰበች፤ በሙያው መለኪያ ነበርም።

ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ካለው የሞሩላ ዛፍ ሥር ድምፅ ማጉያውን አስቀምጣ ለአጎቷ አሰማችው። ዝገት ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማ። ራፑ ሲገባ ፊቱን አላኮሳተረም። ይህ አስገረማት።

«ይሄ ማነው?» አለ ሲያልቅ።

«ሌሩሞ ነው፣ ማሎሜ። የጎሲያሜ ወንድም።»

«ልጁን አልጠየቅኩሽም። ልጁ እንኳ ደህና ነው፣ ቃል ያውቃል። ከበሮውን የሚመታው ማነው?»

«ፑሶ ነዋ! ከእርስዎ ካሴት እኮ ነው የወሰድኩት።»

«ፑሶ አይደለም። ፑሶ እንዲህ ሰዓት ውጦ አያውቅም።» ባርኔጣውን አነሳ። «ሁለተኛው አዝማች ካለቀ በኋላ ያለውን የት አደረግሽው?»

«ከበሮው ዘግይቶ ነበር፤ አስተካከልኩት።»

«የጊታሬ ክር ነው እዚያ ጋ የተበጠሰው። ሌላ ጊታር አንስቼ እስክመለስ ነው የጠበቀኝ። ዞር ብዬ ሳየው ይስቃል። ቀረጻውን ድገሙት ሲሉን እሱ ነው እምቢ ያለው፤ እንዳለ ይሁን አለ።» ተነሳ። «አንቺ ሳይጠብቀኝ እንዲሄድ አደረግሽው።»

«ማሎሜ፣ ካልተስተካከለ ራፑ አይቀመጥበትም።»

«አይቀመጣ! ማን ወንበር ስጡት አለ?»

በማግስቱ ፒክአፑን አስነስቶ ከብቶቹ ወዳሉበት በረት ሄደ። የሮከር ኩርፊያ እንዲህ ነው፤ ከተማ ውስጥ ሆኖ አያኮርፍም። ለሰርጉ ይመለስ እንደሆነ ለማንም አልተናገረም። ቴባትሶ ለልኬት የመጣላትን የሙሽራ ቀሚስ ሳትለብስ አልጋው ላይ ዘርግታ ተቀመጠች።

«ካልመጣስ?» አለች።

«ይመጣል።»

«ኬዲ፣ አንቺ እኮ ስትዋሺ ጣትሽ ምት ይመታል።»

ኬዲቦኜ ጣቷን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

ሌሩሞ በቀጣዩ እሑድ ሰልፈኞቹን ጭኖ ለልምምድ መጣ። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሲናገርም ሲበላም የሚቸኩል ልጅ ነው። አዲሶቹ ቀበቶዎች በሁሉም ወገብ ላይ ነበሩ። ኬዲቦኜ ወደ ጥላው ጠራችውና ያሰበችውን ነገረችው። ጊታሩን እንዳለ ልትተወው ነው። የሱን ድምፅ ቃል በቃል ቆርጣ ፑሶ በፈጠነበት እያፈጠነች፣ በዘገየበት እያዘገየች በከበሮው ላይ ልትሰቅለው ነው።

«እንዴ! ድምፄን ልትቆራርጪው?»

«ልቆራርጠው።»

«እህቴ፣ የኔ ራፕ እኮ አፈሳሰስ አለው። ስትቆርጪው ምን ይሆናል? መንተባተብ! ሰው ሁሉ ሌሩሞ ሰክሮ ቀዳ ነው የሚለው።»

«ሥራው የኔ ነው። አይንተባተብም።»

«ለምን እኛ? የሚወላገደው የሽማግሌው ዘፈን ነው፤ የሚስተካከለውም እሱ ነው። ሕጉ እንደዛ ነው፣ አንቺው ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። ስማ፣ የውሃ ቅል ሊለምን የመጣው ማነው?»

ሌሩሞ ዞሮ ሰልፈኞቹን አየ።

«ንገረኝ እንጂ። አጎትህ ራ ሞሴኪ እዚህ ግቢ ሲመጡ ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት?»

«መሬት ላይ ነው።»

«ባርኔጣቸውስ?»

«አውልቀው ነዋ። ወጉ እኮ ነው።»

«ወጉ ነው። በላማኙና በተለማኙ መሀል ጎንበስ የሚለው ላማኙ ነው። ያንተ ድምፅ ከሳቸው ይበልጣል?»

ልጁ ያደረገውን ኮፍያ ዞር አደረገ፤ ሊያወልቀው ይሁን ሊያስተካክለው አልለየም። «ሰልፉ ይበላሻል» አለ። «እግራችን ቀጥ ባለው ነው የለመደው።»

«እግር ይማራል።»

«የሞሌፖሎሌ እግር አታውቂም አንቺ!» አለና ሳቀ። ከዚያ በኋላ አልተከራከረም።

ቅይጡ ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ አደከማት። ራፕ ውስጥ ቃሉ ከምቱ ጥቂት ቀድሞ ወይም ጥቂት ዘግይቶ ያርፋል፤ ጣዕሙ እዚያ ላይ ነው። ቃሉን ልክ ምቱ ላይ ብትጥለው ልጅ ፊደል ሲቆጥር ይመስላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቃል ሌሩሞ ከምቱ ምን ያህል እንደራቀ እያየች ያንኑ ርቀት በፑሶ ምት ላይ ጠበቀችለት። ያ የሚዘገየው ቦታ ሲደርስ ግን የሚሰቀል ቃል አልነበረም። ሌሩሞ እዚያ ላይ አንዱን ስንኝ ጨርሶ ሌላውን ለመጀመር አየር ይስባል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትንፋሽ ቆርጣ የምትጥለው ነገር ነው፤ ንጹሕ ቅይጥ ውስጥ ትንፋሽ አይሰማም። አሁን አልቆረጠችውም። ከበሮው እስኪመለስ ድረስ ከዚያ ትንፋሽ በስተቀር ምንም አላስገባችም።

ፍላሹን ይዛ ከብቶቹ ዘንድ የሄደችው ሰርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ዝገት ከገንዳው አጠገብ ነበር፤ ጃኬቱን የአጥር ግንድ ላይ ሰቅሎ ውሃ ይቀዳል። ሰላምታው አልቀነሰም፤ እጇን ናጠ፣ መሬቱን መታ፣ ዝም ብሎ አያት። ፍላሹን ፒክአፑ ላይ ሰካች። በሩን ከፍተው ቆመው ሰሙ። ከብቶቹ መጠጣታቸውን አላቋረጡም።

ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ከበሮው ዘገየ። የልጁ ትንፋሽ ተሰማ። ከበሮው ተመለሰ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ዝገት እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገ።

«ያቺ ቀይ ላም ሳትጠጣ ነው የሄደችው» አለ፤ ባልዲውንም አንስቶ ሄደ።

ኬዲቦኜ ጥቂት ጠበቀች። ሌላ ነገር እንደማይናገር ሲገባት እንጨት የጫነ መኪና አስቁማ ወደ ከተማ ተመለሰች። ቴባትሶ ምን እንዳለ ስትጠይቃት ስለ ላሚቱ ነገረቻት። ሁለቱም ከዚያ ውስጥ መልስ ፈለጉ፤ አላገኙም።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ግቢው ነጭ ድንኳን ተተክሎበት፣ በትልልቅ የብረት ድስት ሥጋ እየተቀቀለ፣ ወንዶች ሴስዋ ለሚባለው ምግብ ሥጋውን በወፍራም እንጨት እየወቀጡ ነበር። አክስቶቹ ሌቴይሲ ከሚባለው ጨርቅ የተሰፋ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ እንደ ወጉ ትንሽ ብርድ ልብስ በትከሻቸው ጣል አድርገው በጥላው ተደርድረዋል። የዝገት ወንበር ባዶ ነው። ወንበሩን ያየ ሁሉ ሌላ ሰው እንዳያየው ቶሎ ዓይኑን ይመልሳል። ከሙሽራው ወገን የደረሱ መኪኖች በአስፋልቱ ዳር ጥሩምባ ሲነፉ አንዷ አክስት ኬዲቦኜን በክርኗ ነካቻት።

«በዘፈን ነው አሉ ያባረርሽው። እስቲ በዘፈን መልሺው።»

ዝገት የመጣው ሰልፈኞቹ በሩ ጋ መሰለፍ ሲጀምሩ ነው። ፒክአፑን በጓሮ በኩል አቆመ። ጃኬቱን ለብሷል፣ ሰንሰለቱን አድርጓል፤ ቡት ጫማው ላይ የበረት ጭቃ አለ። ከኋላው አምስት ስድስት ሮከሮች በጥቁር ቆዳ ተከተሉት። ለማንም ምንም ሳይል ቴባትሶ ወዳለችበት ክፍል ገባ። ከውስጥ የተሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ነይ፣ ልጄ፣ ሙቀት ነው፣ ቶሎ እንጨርስ።»

ኬዲቦኜ ቅይጡን ከፈተች። ጊታሩ ሲጀምር ሮከሮቹ ከውስጥ፣ ሌሩሞና ጓደኞቹ ከውጭ እግር አነሱ። መጀመሪያው ላይ ሁለቱ ሰልፎች በደንብ ሄዱ። ሮከሮቹ በከበሮው፣ ጎረምሶቹ በቃሉ እየተመሩ ተቀራረቡ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሁለተኛው አዝማች ካለቀ በኋላ ከበሮው ሲዘገይ ግን ሌሩሞ እንደተናገረው ሆነ። ከጎረምሶቹ ግማሹ በለመደው ፍጥነት ወደፊት ረገጠ፣ ግማሹ ቆመ፤ ሁለቱ ተጋጭተው አንዱ በጉልበቱ ወደቀ። ከሰዉ ሳቅ ተነሳ። ሌሩሞ አንድ እግሩን አንስቶ እንዳለ ቀረ።

ከበሩ ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ዝገትም ቆመ። የቴባትሶን እጅ እንደያዘ ነው። ወደ ኋላው ዞር ብሎ አየ፤ ከኋላው ካሉት ሮከሮች ማንንም የሚያይ አይመስልም ነበር። የሌሩሞ ትንፋሽ በድምፅ ማጉያው ውስጥ አለፈ። የወደቀው ልጅ ተነሳ። ከበሮው ሲመለስ ሌሩሞ እግሩን አወረደ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም አብሮ ሄደ።

በበሩ ላይ ዝገት የእህቱን ልጅ እጅ ለራ ሞሴኪ አስረከበ። ራ ሞሴኪ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ምሳ ላይ ሌሩሞ ሴስዋና ገንፎ የያዘ ሳህኑን ይዞ ኬዲቦኜ አጠገብ ተቀመጠ። ጉልበቱ ላይ የሰልፉ አቧራ አለ።

«አልተንተባተብኩም» አለ።

«ብዬህ ነበር።»

«ጓደኛዬ ግን ሱሪው ተቀደደ።»

«ቀበቶው ተረፈ አይደል?» አለ ዝገት ከጀርባቸው፤ አጥንት እየጋጠ ነበር።

ሌሩሞ ሳቀና ዞሮ አየው። «ራ ሞአጊ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ እኮ በኛ ግቢ ነው። እዚያ እንግዳ ሆናችሁ የምትለምኑት እናንተ ናችሁ።»

ዝገት አጥንቱን ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ኬዲቦኜ አጎቷን አላየችም፤ ሳህኗን አየች።

«ሙቀቱ እንደዚህ ነው እዚያም?» አለ ዝገት።

«ይብሳል።»

«እሺ» አለ፤ ሌላ አጥንት ፍለጋም ተነሳ።

የሰርጉ ሁለተኛ ክፍል በሚቀጥለው ቅዳሜ በሞሌፖሎሌ ይሆናል። ዝገትና ኬዲቦኜ የቴባትሶን ብርድ ልብሶችና ድስቶች ይዘው ዓርብ ጠዋት በፒክአፑ ይሄዳሉ። ሙዚቃውን የሚመርጠው ሌሩሞ ነው።